የሚወዛወዝ ጽሑፍ፦ ተራ ፊደልን በማዕበል ቅርጽ ስለመደርደር

በኮምፒውተር ኤግዚቢሽን ላይ የተደረደሩ ስክሪኖች አስጎብኚ እስኪመጣላቸው ድረስ ሥራ ፈትተው ይውላሉ። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዴቪድ አህል ይህ አልጣመውም። ተመልካች ቢኖርም ባይኖርም ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲኖር ብሎ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሟን «ሳይን ዌቭ» አላት። በዚያ ዘመን በኮምፒውተር ሞገድ መሣል የፈለገ ሰው «ኤክስ» የሚለውን ፊደል እንደ ነጥብ እየተጠቀመ ይደረድር ነበር። አህል በነጥቡ ፋንታ ቃል አስገባ። አንዱ መስመር ላይ «ክሪኤቲቭ»፣ ቀጣዩ ላይ «ኮምፒውቲንግ» እየታተመ፣ ሁለቱ ቃላት ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ወደ ታች ይወርዳሉ። ቃላቱ በ1974 የመሠረተው መጽሔት ስም ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ፕሮግራሟ በ1978 በታተመው የቤዚክ ጨዋታዎች መጽሐፉ ውስጥ ገባች። መጽሐፉም ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ የመጀመሪያው የኮምፒውተር መጽሐፍ ይባልለታል፤ ስለዚህ በየቤቱ ማሽን የገዛ ወጣት ሁሉ እየገለበጠ ሞከራት።

ጽሑፍን በሞገድ ስለመደርደር የሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ በዚህች ፕሮግራም ውስጥ አሉ። ማዕበሉን የሚሠራው ምንድን ነው? ቅርጹ ንባቡን ይረዳዋል ወይስ ይጋርደዋል? ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ሲሻገርስ ምኑ ይተርፋል? ከጥንት ግሪኮች እስከ ዛሬው ስልክ ድረስ በዚህ ነገር የደከሙት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሥራዎቻቸው ግን እኩል አይደሉም። ልዩነታቸው ከየት እንደሚመጣ ማሳየት እፈልጋለሁ።

አሠራሩን እናስቀድም። የአህል ፕሮግራም ለእያንዳንዱ መስመር የምትሰጠው ትእዛዝ ይህ ነው፦ የሳይንን ዋጋ በ25 አባዛ፤ 26 ጨምርበት፤ ክፍልፋዩን ጣል፤ ያገኘኸውን ቁጥር ያህል ከግራ ጠርዝ ገባ ብለህ ቃሉን አትም። ሳይን ከአንድ እስከ አሉታዊ አንድ ብቻ ስለሚመላለስ፣ ቃሉ በ1ኛውና በ51ኛው ቦታ መካከል እየሄደ ይመለሳል። ማዕዘኑ በየመስመሩ በሩብ ሬዲያን ይጨምራል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ማዕበል 25 መስመር ያህል ይወስዳል። ማዕዘኑ 40 ሲደርስ ፕሮግራሟ ትቆማለች። እስከዚያ 161 መስመር ታትሟል፤ ከስድስት በላይ ማዕበልም ወርዷል።

በአማርኛ ለመሞከር ኮምፒውተርም አያስፈልግ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። መካከሉን 8፣ ውዝዋዜውንም 8 አድርገን፣ ማዕዘኑን በየመስመሩ 30 ዲግሪ ብናሳድግ ከፊት የሚገቡት ስፔሶች 8፣ 12፣ 15፣ 16፣ 15፣ 12፣ 8፣ 4፣ 1፣ 0፣ 1፣ 4፣ 8 ይሆናሉ። «ባሕር» እና «ማዕበል» የሚሉትን ቃላት በእነዚህ ቁጥሮች ብንደረድራቸው የሚከተለውን እናገኛለን።

        ባሕር
            ማዕበል
               ባሕር
                ማዕበል
               ባሕር
            ማዕበል
        ባሕር
    ማዕበል
 ባሕር
ማዕበል
 ባሕር
    ማዕበል
        ባሕር

ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በመካከል ላይ ቃሉ በአንድ እርምጃ አራት ቦታ ይዘላል፤ ጠርዙ ጋ ሲቀርብ ሦስት፣ ከዚያ አንድ ብቻ ይራመዳል፤ ከዚያ ይዞራል። ውኃ ውኃ የሚያስመስለው ይህ መዘግየት ነው። በየመስመሩ እኩል እየገባ ቢሄድ ኖሮ የሚወጣው እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ ዚግዛግ ነበር። ብዙ ሰው በእጁ ሲሞክር ዚግዛግ የሚወጣበትም ለዚህ ነው፤ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ስፔስ ይጨምራል፣ ጠርዝ ሲደርስ ሁለት ሁለት ይቀንሳል።

ሌላም አለ፤ የዚህ ዳሰሳ ዋና ነጥብ ነው። በዚያ ምሳሌ ውስጥ ፊደሎቹ ላይ የደረሰ ምንም ነገር የለም። አልጎበጡም፣ አላነሱም፣ አልተለቁም። የተለወጠው ከፊታቸው ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ማዕበሉ የተሣለው በኅዳጉ ነው፤ ቃሉ የኅዳጉን ጫፍ ያሳያል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ከዘመን ዘመን የተሠሩ የቅርጽ ጽሑፎችን ሳይ ያማሩት ይህን ያወቁት፣ የከሸፉትም ባዶውን ቦታ ረስተው ፊደሉን ሲያሠቃዩ የዋሉት ሆነው አገኛቸዋለሁ።

የጥንቱ ምሳሌ የሮድሱ ሲሚያስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የኖረ ግሪካዊ ገጣሚ ሲሆን በእንቁላል፣ በክንፍና በመጥረቢያ ቅርጽ የተደረደሩ ግጥሞች ትቶ አልፏል። በ«እንቁላሉ» ላይ የንባቡ ቅደም ተከተል ራሱ የቅርጹ አካል ነው፤ አንባቢው የመጀመሪያውን መስመር ካነበበ በኋላ ወደ መጨረሻው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይመለሳል፣ ቀጥሎ ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ይሄዳል፤ እንዲህ እየተመላለሰ መካከሉ ላይ ያበቃል። ዓይን ከዳር ወደ ዳር ይወዛወዛል። በወረቀቱ ላይ እንቁላል፣ በንባቡ ውስጥ ደግሞ ሞገድ አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ይህን ግማሽ ትተው ቅርጹን ብቻ ወሰዱ።

ከሮማው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ዘመን ጀምሮ ሌላ መንገድ ተከፈተ። ኦፕታቲያኑስ ፖርፊሪዩስ የተባለው ገጣሚ እያንዳንዱ መስመር እኩል የፊደል ቁጥር ያለው አራት ማዕዘን ግጥም እየሠራ፣ በውስጡ በቀለም የተለዩ ፊደሎች ሌላ ግጥምና ሥዕል እንዲያወጡ አደረገ፤ በዚህ ሥራው ከግዞት እንደተመለሰ ይነገራል። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴው ህራባኑስ ማውሩስ ስለ ቅዱስ መስቀል በጻፈው መጽሐፍ ይህን ጥበብ ወደ ጫፉ አደረሰው። የሚያስደንቅ ድካም ነው። ነገር ግን ገጹ ዳር እስከ ዳር በፊደል ስለሚሞላ ባዶ ቦታ የለውም፤ ቅርጹን የሚያወጣው ቀለም ነው። ቀለሙ የጠፋ ቀን የሚቀረው ግድግዳ ነው።

የዕብራይስጥ ጸሐፍት መላ ከዚህ ይለያል። በ1008 በካይሮ የተጻፈውና የሌኒንግራድ ኮዴክስ የሚባለው የብራና መጽሐፍ ቅዱስ በመጨረሻው ምንጣፍ የሚመስሉ ገጾች አሉት፤ በጥቃቅን ፊደል የተጻፉ መስመሮች እየታጠፉ ኮከብና ክብ ይሠራሉ። እዚያ ላይ መስመሩ ራሱ የሥዕሉ ጭረት ነው። ከሩቅ ያየ ሐረግ ያያል፣ የቀረበ ያነባል። የእኛ የብራና ጸሐፍት ሐረግና ጽሑፍን ለየብቻ ነው የያዙት፤ ሐረጉ በቀለም ከላይ ይታጠፋል፣ ይጠላለፋል፣ ፊደሉ ከሥሩ በተሠመረለት መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በአንድ ገጽ ላይ ሞገድና ቀጥታ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። ይህ መለያየት ለንባብ ትልቅ አክብሮት ያለው ይመስለኛል።

በእንግሊዝ ጆርጅ ኸርበርት በ1633 በታተመው የግጥም መጽሐፉ ውስጥ በክንፍ ቅርጽ የተደረደረ የትንሣኤ ግጥም አለው። መስመሮቹ እያጠሩ ይሄዱና እንደገና ይረዝማሉ፤ ሲያጥሩ ግጥሙ ስለ ሰው መድከምና መውደቅ ይናገራል፣ ሲረዝሙ ስለ መነሣት። ቅርጹና ነገሩ አንድ ላይ ይተነፍሳሉ። ሆኖም ከስምንት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ1711፣ ጆሴፍ አዲሰን «ስፔክቴተር» በተባለው ጋዜጣው እንዲህ ያለውን ሥራ የሐሰት ብልሃት ብሎ አወገዘው፤ ኸርበርትንም በስም ጠቀሰ። የአዲሰን ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ቅርጹን ለመሙላት ሲባል ቃል የሚጨመርና የሚቀነስ ከሆነ ገጣሚው ለሐሳቡ መገዛቱን ትቶ ለቅርጹ አደረ ማለት ነው። እኔ አዲሰን በአብዛኞቹ ላይ እውነት፣ በኸርበርት ላይ ግን ስሕተት ተናገረ እላለሁ፤ ከኸርበርት ግጥም ቅርጹን ቢነቅሉት ነገሩም ይጎድላልና።

ለማዕበል ቅርጽ ከሁሉ የቀረበው የድሮ ሥራ ግን የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሉዊስ ካሮል በ1865 ባሳተመው የአሊስ ታሪክ አንዲት አይጥ የደረሰባትን በደል ትተርካለች። አሊስ እየሰማች ዓይኗ አይጧ ጅራት ላይ ነው። ስለዚህ ታሪኩ በአእምሮዋ በጅራት ቅርጽ ይመጣል፤ በመጽሐፉ ላይም ጽሑፉ ግራና ቀኝ እየታጠፈ፣ ፊደሉም እያነሰ እያነሰ ወርዶ መጨረሻው ላይ ለዓይን እስኪያስቸግር ይቀጥናል። ካሮል ታሪኩን ከመታተሙ በፊት በእጁ ጽፎ ለተረከላት ልጅ በሰጠበት ጥራዝም ውስጥ ጅራቱ አለ፤ ማለትም ቅርጹ የአታሚ ጌጥ ሳይሆን ከመጀመሪያው የታሰበ ነው። ከሁሉ የምወደው ቀጥሎ ያለው ነው። አይጧ አሊስ እንደማታዳምጣት ስትወቅሳት፣ አሊስ አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ደርሰሽ ነበር አይደል ትላለች። ታሪኩን የለካችው በመታጠፊያ ነው። የማዕበል ጽሑፍ አንባቢ ላይ የሚሠራው ሥራ ከዚህ በላይ ተገልጾ አላየሁም፤ አንባቢው በአንቀጽ ወይም በገጽ መቁጠሩን ትቶ በመታጠፊያ መቁጠር ይጀምራል።

ወደ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስንገባ ነገሩ ይበዛል። ፈረንሳዊው ማላርሜ በ1897 ስለ መርከብ መስጠም የጻፈውን ግጥም በገጹ ላይ በትኖ አስቀመጠው፤ ነጩ ቦታ ባሕሩን ሆነ። ገጣሚው አፖሊኔር በ1916 መጽሔት ላይ ባወጣው የዝናብ ግጥሙ አምስት መስመሮችን ፊደል በፊደል ከገጹ አናት ወደ ታች አዘነበለ፤ አንባቢው እያንዳንዱን ፊደል እየለቀመ ስለሚወርድ ንባቡ ወደ ጠብታ ይዘገያል። በ1950ዎቹ ደግሞ በሁለት አህጉር፣ ቦሊቪያ ተወልዶ በስዊዘርላንድ የሠራው ኦይገን ጎምሪንገርና የሳኦ ፓውሎዎቹ ወንድማማቾች አውጉስቶና አሮልዶ ዴ ካምፖስ ከዴሲዮ ፒኛታሪ ጋር፣ ኮንክሪት ግጥም የተባለውን እንቅስቃሴ ጀመሩ። ብራዚላውያኑ በ1958 ባወጡት መግለጫቸው የገጹን ባዶ ቦታ የግጥሙ ተሸካሚ ምሰሶ አድርገው አስቀመጡት። የዴቪድ አህል ፕሮግራም ሳታውቀው የፈጸመችው ይህንኑ ነው። ከዚያ ትውልድ ስኮትላንዳዊው ኢያን ሃሚልተን ፊንሌ ባሕርን አጥብቆ የወደደ ነበር፤ ማዕበልና ዐለት የሚሉትን ሁለት ቃላት በ1966 መስታወት ላይ አገናኝቷቸዋል።

የጽሕፈት መኪና ለዚህ ሥራ የማይጠበቅ ስጦታ ይዞ መጣ፤ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ይይዛል። ይህ እኩልነት ለጸሐፊ ገደብ ነበር፣ ለንድፍ ግን ሚሊሜትር ወረቀት ሆነ። በ1898 ፍሎራ ስቴሲ የምትባል እንግሊዛዊት በጽሕፈት መኪና የሠራችው የቢራቢሮ ሥዕል ታትሟል፤ የቀረልን የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ሥራ እሱ ነው ይባላል። የጽሕፈት መኪና ሌላም ጥቅም አለው። ጥቅልሉን ከጥርሱ አላቅቀው ወረቀቱን በእጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ፊደሎች በአንድ መስመር ላይ እንዳሉ ቀስ በቀስ ሊነሡና ሊወርዱ ይችላሉ። የአህል ማዕበል ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚሄደው ማሽኑ ይህን ነጻነት ስላልሰጠው ነው።

በዚህ ረገድ ጀርመናዊቷ ሩት ቮልፍ ሬፌልት ወደር የላትም። በምሥራቅ በርሊን የቢሮ ሠራተኛ ነበረች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ኤሪካ» በምትባል የጽሕፈት መኪናዋ ፊደሎችን፣ ቁጥሮችንና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶችን እየደራረበች ሞገድ፣ ሽክርክሪትና መረብ ሠራች። በካርቦን ወረቀት እያባዛች ድንበሩ ተዘግቶባት በነበረው ዓለም ሁሉ ላሉ ሠዓሊዎች በፖስታ ትልክ ነበር። የምትልከው የቢሮ ወረቀት ላይ የተመታ ጽሑፍ ነው፤ ከሩቅ ባሕር ይመስላል፣ ሲቀርቡት ቃል ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ሥራውን አቆመች። በ2017 ዶኩሜንታ በተባለው ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ እስክትቀርብ ድረስ ብዙ ሰው አያውቃትም ነበር። በእጅ ከተሠሩት ማዕበሎች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል የሷን እመርጣለሁ፤ ጸሐፊዎች ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ በሚመቱበት መሣሪያ ላይ የራሷን ነገር አስተነፈሰችበት።

ወደ ኮምፒውተር ስንመለስ መጀመሪያ መታወስ ያለበት ወረቀቱ ነው። በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ 33 በሰከንድ 10 ፊደል ያትማል፣ በአንድ መስመር 72 ፊደል ይይዛል፣ የሚያውቀውም ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ ነው። የአህል ማዕበል ከነረጅሙ ቃሉ 60 ቦታ ገደማ ስለሚፈልግ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ልክ ይገባል። በ1966 የቤል ላቦራቶሪዎቹ ኬኔት ኖውልተንና ሊዮን ሃርመን ፎቶግራፍን ወደ ጥቃቅን ምልክቶች ለውጠው ዝነኛ የሆነ ሥዕል አወጡ፤ ነገር ግን እዚያ ምልክቱ የጥላ መጠን እንጂ የሚነበብ አይደለም። ይህ መንገድ ሥዕልን ወደ ምልክት ይለውጣል። የአህል መንገድ ጽሑፍን ጽሑፍ እንደሆነ ትቶ ያወዛውዘዋል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን እለያቸዋለሁ።

ከ1982 በኋላ ኮሞዶር 64 በየቤቱ ሲገባ ማዕበሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። በአውሮፓ ያሉ ወጣቶች የጨዋታዎችን ቁልፍ እየሰበሩ ሲያሰራጩ ከፊት የቡድናቸውን ሰላምታ ይለጥፉ ነበር፤ ሰላምታው ከቀኝ ወደ ግራ ይጎርፋል፣ እያንዳንዱም ፊደል ለብቻው ከፍ ዝቅ ይላል። ማሽኑ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ምት ብቻ የሚሠራ ስለነበር ሳይንን በየቅጽበቱ ማስላት አይችልም። ስለዚህ ዋጋዎቹን አስቀድመው በሠንጠረዥ ያስቀምጡና ከዚያ ያነቡ ነበር፤ እኛ ከላይ በአሥራ ሦስት ቁጥሮች ያደረግነውን ማለት ነው። ስክሪኑ 40 በ25 በሆኑ ሣጥኖች የተከፈለ ነው፤ ፊደል በሁለት ሣጥን መካከል እንዲቆም ለማድረግ አንዱ መላ የፊደሉን ምስል በየቅጽበቱ እንደገና መቅረጽ ነበር። እነዚህን ሥራዎች ዛሬ ሳይ የሚገርመኝ ንባቡ አለመጥፋቱ ነው። ፊደሉ ይነሣል ይወርዳል፣ ነገር ግን አይጣመምም፤ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም።

ቀጥሎ የመጣው ቁልፍ ነው። በማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ ያለው ዎርድ አርት፣ በፎቶሾፕ ውስጥ ያለው የጽሑፍ ማጣመሚያ፣ ሁለቱም ማዕበል የሚባል ምርጫ አላቸው፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑት አርእስቱ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። የሠርግ ጥሪ፣ የምረቃ ባነር፣ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ተጠቅሞበታል። ችግሩ መብዛቱ አይደለም። እነዚህ መሣሪያዎች ባዶውን ቦታ ትተው ፊደሉን ያጎብጣሉ። ለላቲን ፊደል ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ለፊደላችን ግን ይጎዳል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ቅጥያው ወገቡ ላይ ወይም እግሩ ላይ በመሆኑ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲጎብጥ፣ በተለይ ሲያንስ፣ ወገቡና እግሩ ይቀላቀላሉ። ከ2001 ጀምሮ በኤስቪጂ መስፈርት የተፈቀደው ዘዴ ከዚህ ይሻላል፤ ፊደሎችን ሳያጎብጥ በተሣለ መስመር ላይ አንድ በአንድ ያቆማቸዋል። እዚህም ግን ልክ አለው። ማዕበሉ ገደላማ ከሆነ በጉድጓዱ ውስጥ የፊደሎቹ አናት ይጋጫል፣ በጉብታው ላይ ደግሞ ይራራቃል። ቀለል ያለ ውዝዋዜ፣ ረጅም ርቀት፤ ለአማርኛ የሚበጀው ይኸው ነው።

አሁን ወደ መሻገሩ ጥያቄ እንምጣ፤ እንቅፋቱ ያለው እዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ገጾች የሚጻፉበት ቋንቋ ተከታታይ ስፔሶችን ወደ አንድ ያጠባል፤ መስመር መጀመሪያ ላይ ያሉትንም ይጥላል። ባለቤቱ ቅርጹ እንዲጠበቅ ለይቶ ካላዘዘ በስተቀር ማዕበሉ ይጠፋል፤ ቃላቱ ብቻ ይቀራሉ። ጽሑፉን ወደ መካከል ማሰለፍም እንዲሁ ያጠፋዋል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሕማማት ጸሎታችን የምናውቃቸውን የአምስቱን ችንካሮች ስሞች እናስብ፦ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ስሞቹ በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ግድግዳ ላይ ተቧጥጦ ከተገኘ የላቲን የፊደል ሠንጠረዥ ጋር ዝምድና አላቸው። ያ ሠንጠረዥ አምስት ቃላት፣ እያንዳንዱም አምስት ፊደል ነው፤ ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም ከታችም ቢነበብ ያው ነው። ኃይሉ በሙሉ አደራደሩ ላይ ነበር። ቃላቱ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፣ ከፊደል ወደ ፊደል ሲሻገሩ አደራደሩ አልተከተላቸውም። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ካሬው የለም፤ ስሞቹ ግን ሌላ ሕይወት፣ ሌላ ቅድስና አግኝተው ይኖራሉ። ቅርጽ በቀላሉ የሚጠፋ፣ ቃል ግን የሚጓዝ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ስለዚህ ለማዕበል ጽሑፍ የማቀርበው መመዘኛ ይህ ነው፦ ቅርጹ ቢወድቅ የሚቀረው የሚነበብ ነገር ነው? የአህል ማዕበል ሲወድቅ ሁለት ቃላት ይቀራሉ። የካሮል ጅራት ሲወድቅ ግጥሙ ይቀራል። በሰረዝ፣ በነጥብና በጭረት ብቻ የተሠራ የጌጥ ሞገድ ሲወድቅ ግን የሚቀረው ቆሻሻ ነው።

መመዘኛው ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች ደግሞ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ስክሪን የሚያነብላቸው ፕሮግራም ከመስመሩ በፊት ያለውን ስፔስ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ በኅዳግ የተሠራ ማዕበል ለጆሮ ምንም አይጎዳም። ቃሉን በፊደል ሰብሮ እያንዳንዱን በየመስመሩ ያስቀመጠ ግን ቃሉን ፊደል ቆጠራ ያደርግባቸዋል። የጌጥ ምልክቶችን የደረደረም የምልክቶቹን ስም አንድ በአንድ ያስጠራባቸዋል። በ2008 የጸደቀው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ በምልክት የተሠራ ሥዕልን እንደ ምስል ቆጥሮ ተለዋጭ ጽሑፍ እንዲቀመጥለት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ቃሉን በፍለጋ ለማግኘትም ያው ነው፤ የተሰበረ ቃል አይገኝም።

ስለ ፎንት ብዙ ጊዜ የሚሰማ ስጋት አለ፤ ፊደሎች እኩል ስፋት ከሌላቸው ማዕበል አይሠራም ይባላል። በከፊል ብቻ እውነት ነው። ከፊት ባለ ስፔስ የተሠራ ማዕበል በየትኛውም ፎንት ይቆማል፤ ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ስፔስ ስለሚጠቀም ስፔሱ ሲጠብ ማዕበሉ በሙሉ ይጠባል እንጂ አይሰበርም። የሚሰበረው ሌላው ዓይነት ነው፤ ገጹ በፊደል ተሞልቶ ቅርጹ በውስጡ ሲወጣ፣ ወይም የቀኙ ጠርዝ ሲታጠፍ። «ጨ» እና «ሠ» ሰፊ ናቸው፣ «ነ» እና «ገ» ጠባብ፤ በእነሱ የተሞላ መስመር ከሌላው ጋር ልክ አይመጣም። ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙባቸው እኩል ስፋት ያላቸው ፎንቶች አብዛኞቹ የኛን ፊደል አልያዙም፤ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ከሌላ ፎንት ይዋሳል፣ የተዋሰውም ከላቲኑ ሣጥን ጋር አይገጥምም።

በሌላ በኩል ፊደላችን ለዚህ ጥበብ የተመቸበት ብዙ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ከጎኑ ካለው ጋር አይያያዝም። የዐረብኛ ቃል ፊደሎቹን ለየብቻ ቢያነሡና ቢያወርዱበት መያያዣው ይበጠሳል፤ «ማዕበል» ግን አራቱ ፊደሎቹ በየከፍታቸው ቢቆሙ የሚጎድለው ነገር የለም። ፊደሉ ተነባቢን ከነአናባቢው ስለሚይዝም ቃሎቻችን አጭር ናቸው፤ አራትና አምስት ፊደል ብዙ ይናገራል። ይህ በስልክ ስክሪን ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ የአህል 60 ቦታ እዚያ አይገባም፣ መስመሩ ተሰብሮ ቅርጹ ይፈርሳል። ከ1999 ጀምሮ ፊደላችን በዩኒኮድ ስለገባም ከማሽን ማሽን ሲሄድ እንደ ድሮው ወደማይነበብ ምልክት አይለወጥም። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን ከንባብ ፈትቶ በሸራ ላይ ሲያስጨፍረው ዘመናትን አሳልፏል፤ በተራ ጽሑፍ ግን ፊደሉን ሳይፈቱ ማስጨፈር ይቻላል፣ ገና ብዙም አልተሞከረም።

መሞከር ለሚፈልግ ከዳሰሳው የማወጣለት ምክር እንዲህ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ፊደል ያላቸውን ቃላት ይምረጥ። ውዝዋዜው ከ8 እስከ 10 ስፔስ ይሁን፣ አንዱ ማዕበል ከ12 መስመር አይነስ። ሰላምታ፣ የልጅ ስም፣ የሚደጋገም አዝማች ለዚህ ይመቻል፤ ረጅም ሐሳብ አይመችም። ሐሳቡ ራሱ የሚመላለስ ከሆነ፣ እንደ እሽሩሩ፣ እንደ ጀልባ ቀዘፋ፣ እንደ ስንብት፣ ቅርጹ ከውስጥ ይመጣል። ሲልክ አንድ ምስል፣ አንድ ደግሞ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይላክ፤ ምስሉ ለዓይን፣ ጽሑፉ ለጆሮና ለፍለጋ ይሆናል። ፎንት ለሚቀርጹ ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ሥራ ይጠብቃቸዋል፦ ሁሉም የፊደል ገበታ ቁምፊ እኩል ስፋት የያዘበት፣ ስፋቱም የላቲኑ ሣጥን ልክ እጥፍ የሆነ ፎንት። «ጨ» ሳይጨፈለቅ፣ «ነ» ሳይለጠጥ በዚያ ሣጥን ውስጥ እንዲያምር ማድረግ ቀላል አይሆንም፤ ከቀና ግን ገጽ የሚሞላው የማዕበል ዓይነትም በአማርኛ ይከፈታል።